ሕዋስን በፋብሪካ ለመሰለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን በጎጃም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ከመምህር ወደ መምህር፣ ከተማሪ ወደ ተማሪ ሲዘዋወር የቆየ አንድ ጽሑፍ ደርሶኝ አነበብሁት። ለዘጠነኛና ለዐሥረኛ ክፍል ተማሪዎች ታስቦ የተዘጋጀው ይህ ጽሑፍ የሕዋስን ክፍሎችና ተግባራቸውን በቀላሉ ለማስረዳት ሲል ሕዋስን በፋብሪካ ይመስላል፤ ኒውክለስን ሥራ አስኪያጅ፣ ማይቶኮንድሪያን ጄኔሬተር፣ የሕዋስ ሽፋንን አጥር፣ ራይቦዞምን ሠራተኛ፣ የጎልጂን አካል የዕቃ ማሸጊያ ክፍል አድርጎ ያቀርብና ተማሪው እያንዳንዱን ክፍል ከተግባሩ ጋር በሰንጠረዥ አዛምዶ እንዲያጠና ይመክራል። ከሰንጠረዡ ቀጥሎ ሰባት ማብራሪያዎች ተሰጥተዋል። በአማርኛ ስለ ሕዋስ የተጻፈ ንባብ እጅግ ጥቂት በሆነበት ጊዜ ጸሐፊው ደክመው ይህን ማዘጋጀታቸው ያስመሰግናቸዋል፤ ይሁን እንጂ ከሰባቱ ማብራሪያዎች አንዱም ሳይታረም ሊያልፍ የሚችል ሆኖ አላገኘሁትም። ተማሪዎች ጽሑፉን ቃል በቃል ወደ ደብተራቸው እየገለበጡ ስለሆነ፣ እንደ አንድ የባዮሎጂ መምህር ነጥብ በነጥብ መልስ መስጠት ግዴታዬ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት ስለ ምሳሌው ራሱ የምለው አለኝ። ስሕተቶቹ የተበታተኑ ቢመስሉም አብዛኞቹ የሚመነጩት ከእርሱ ነው። በፋብሪካ ውስጥ እያንዳንዱ ሰው አንድ የሥራ መደብ ይይዛል፤ ሥራ አስኪያጁ ያዝዛል፣ ሌላው ይታዘዛል፣ አጥሩም ባለበት ቆሞ ይከላከላል። ይህን ሐሳብ ይዞ ወደ ሕዋስ የገባ አንባቢ እያንዳንዱ ክፍል ቋሚ መደብ እንዳለው፣ ሁሉም ሕዋስ አንድ ዓይነት ክፍሎችን እንደሚይዝ፣ ትእዛዝም ከአንድ ቦታ ብቻ እንደሚወርድ አድርጎ ማሰቡ አይቀርም። ሕዋስን ለመረዳት የሚያስፈልገው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ምን ይገባል፣ ምን ይወጣል፣ ይህ ክፍል ቢጠፋ ወይም ቢበላሽ ሕዋሱ ምን ይሆናል የሚል። ምላሼም ይህንኑ ጥያቄ የተከተለ ነው።

የመጀመሪያው ማብራሪያ ታሪካዊ ነው፤ እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ እ.ኤ.አ. በ1665 ሕያው ሕዋስን በማየት የሕዋስን ንድፈ ሐሳብ እንደ መሠረተ ይናገራል። ሁክ ያየው ስስ ተደርጎ የተቆረጠ ቡሽ ነበር፤ ቡሽ ደግሞ የሞተ የዛፍ ቅርፊት በመሆኑ የታዩት ውስጣቸው ባዶ የሆነ የሕዋስ ግድግዳዎች ብቻ ነበሩ። ሕያዋን ጥቃቅን ፍጥረታትን ራሱ በሠራቸው ሌንሶች ያየው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሆላንዳዊው አንቶኒ ቫን ሊዩዌንሁክ ነው። ንድፈ ሐሳቡም የተደራጀው እጅግ ዘግይቶ ሲሆን፣ ማቲያስ ሽላይደን በ1838 ስለ ዕፅዋት፣ ቴዎዶር ሽቫን በ1839 ስለ እንስሳት ጽፈዋል፤ ማንኛውም ሕዋስ ከቀደመ ሕዋስ ብቻ እንደሚገኝ የሚናገረውን ክፍል ደግሞ ሩዶልፍ ቪርኾ በ1855 አጉልቶ አውጥቶታል። በሁክና በቪርኾ መካከል 190 ዓመታት አሉ። ይህን ሁሉ ዘመን ለአንድ ሰው መስጠት የብዙዎችን ድካም መሰረዝ ነው።

ሁለተኛው ማብራሪያ «የሕዋስ ሽፋን ውስጡን ከውጭ የሚለይ አጥር ነው፤ ተግባሩም መከላከል ነው» ይላል። በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መቆየት እፈልጋለሁ፤ ሽፋኑን በትክክል ያልተረዳ ተማሪ ስለ ሕዋስ የሚማረው ቀሪው ነገር ሁሉ ይዛባበታልና። የሕዋስ ሽፋን ውፍረቱ ከ7 እስከ 8 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ ይህም የአንድ ሚሊሜትር አንድ መቶ ሺሕኛ እንኳ አይሞላም። የተሠራው በሁለት ረድፍ ከተደረደሩ የስብ ሞለኪውሎች ሲሆን፣ ሞለኪውሎቹ ውኃ የሚወድ ራሳቸውን ወደ ውጭና ወደ ውስጥ፣ ውኃ የሚሸሽ ጅራታቸውን ወደ መካከል አዙረው ይቆማሉ። ይህ በግምት የተባለ አይደለም፤ ጎርተርና ግሬንደል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1925 ከቀይ የደም ሕዋሳት ያወጡትን ስብ በውኃ ላይ አንድ ረድፍ አድርገው ሲዘረጉት ከሕዋሳቱ ገጽ ስፋት ሁለት እጥፍ የሚሆን ቦታ እንደሚሸፍን አግኝተዋል። በስቡ መካከል ልዩ ልዩ ፕሮቲኖች ተሰክተዋል፤ ሲንገርና ኒኮልሰን በ1972 እንዳስረዱትም ስቡና ብዙዎቹ ፕሮቲኖች በሽፋኑ ላይ ወዲያና ወዲህ ይንቀሳቀሳሉ። ኦክስጅንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ በስቡ ውስጥ በቀጥታ ያልፋሉ፤ ውኃ በብዙ ሕዋሳት ውስጥ የራሱ የሆነ የፕሮቲን መተላለፊያ አለው፤ ሶዲየምና ፖታሲየም ደግሞ ያለ ፕሮቲን እርዳታ ለማለፍ እጅግ ይቸገራሉ። በእንስሳት ሕዋስ ሽፋን ላይ ያለ አንድ ፕሮቲን ኤቲፒ የሚባለውን ጉልበት ተሸካሚ ሞለኪውል አንዱን በተጠቀመ ቁጥር ሦስት የሶዲየም አዮኖችን ወደ ውጭ አስወጥቶ ሁለት የፖታሲየም አዮኖችን ወደ ውስጥ ያስገባል፤ ይህ ሥራ ባይኖር ነርቭ መልእክት ማስተላለፍ፣ ጡንቻም መኮማተር ባልቻለ ነበር። ያለማቋረጥ ጉልበት እያወጣ የሚያስገባና የሚያስወጣ አካል አጥር ሊባል አይችልም።

በጤና ጣቢያ በደም ሥር የሚሰጠው የጨው ውኃ በአንድ ሊትር 9 ግራም ጨው እንዲኖረው ተደርጎ የሚዘጋጀውም በዚሁ ሽፋን ምክንያት ነው። ቀይ የደም ሕዋስ ንጹሕ ውኃ ውስጥ ቢገባ ውኃው በሽፋኑ እያለፈ ይሞላውና ይፈነዳል፤ ጨው በበዛበት ውኃ ውስጥ ቢገባ ደግሞ ውኃውን አጥቶ ይጨማደዳል። የ9 ግራሙ ልክ ሕዋሱ ሳያብጥም ሳይጨማደድም የሚቆይበት ልክ ነው።

ለጎጃም ተማሪ ከዚህ የቀረበም ማሳያ አለ። በምዕራብ ጎጃምና በአዊ የሚበቅለው ግብጦ ጥሬው ሲቀመስ እጅግ መራራ ነው፤ መራራነቱ አልካሎይድ ከሚባሉ በውኃ ከሚሟሙ ኬሚካሎች የመጣ ሲሆን፣ በደንብ ሳይወጣለት የበላውን ሰው ያሳምማል። እናቶቻችን ግብጦውን መጀመሪያ ይቆሉታል፤ ከዚያም በጆንያ ቋጥረው ወራጅ ውኃ ውስጥ ለቀናት ያቆዩታል፣ ወይም በዕቃ ዘፍዝፈው ውኃውን ደጋግመው ይለውጣሉ። የሚፈለገው ማጠብ ብቻ ከሆነ መቆላቱ ለምን አስፈለገ? ጥሬው የግብጦ ፍሬ ሕያው ነው፤ ቢዘሩት ይበቅላል፤ የሕዋሳቱ ሽፋንም በውስጡ የያዘውን አልካሎይድ በቀላሉ አይለቅም። እሳቱ የሽፋኑን ፕሮቲኖች ቅርጽ ያበላሻል፣ የስቡን ረድፍ ያናጋል፣ የፍሬውንም ልባስ ያላላል፤ ከዚያ በኋላ ሕዋሱ ይዞት የነበረው ሁሉ ወደ ውኃው መውጣት ይጀምራል። ወራጅ ውኃ የተመረጠበት ምክንያትም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ኬሚካሉ የሚወጣው ከበዛበት ወደ አነሰበት ስለሆነ፣ በቆመ ውኃ ውስጥ ያለውና በፍሬው ውስጥ ያለው መጠን ሲቀራረብ መውጣቱ ይዘገያል፤ ውኃው እየተለወጠ ከሄደ ግን በውጭ ያለው መጠን ዝቅ እንዳለ ይቆይና መውጣቱ ይቀጥላል። ሽፋን ማለት ምን እንደ ሆነ፣ ሕያው ሽፋንና የሞተ ሽፋን በምን እንደሚለያዩ ከዚህ በላይ አጥርቶ የሚያሳይ ነገር አላውቅም፤ በብዙ ቤቶችም በየዓመቱ የሚሠራ ሥራ ነው።

በሦስተኛው ማብራሪያ ጸሐፊው «የእንስሳት ሕዋስ ማይቶኮንድሪያ፣ የዕፅዋት ሕዋስ ደግሞ በእርሱ ምትክ ክሎሮፕላስት አለው፤ ዕፅዋት ጉልበታቸውን ከፀሐይ ስለሚያገኙ ማይቶኮንድሪያ አያስፈልጋቸውም» ይላሉ። ይህ በፈተና ወረቀት ላይ ደጋግሜ የማየው ስሕተት ነው። የዕፅዋት ሕዋሳት ማይቶኮንድሪያ አላቸው፤ ያለ እርሱም አይኖሩም። ክሎሮፕላስት፣ ማለትም ብርሃን የሚቀበለው አረንጓዴ የሕዋስ ክፍል፣ በብርሃን ጉልበት የሚያመነጨው ኤቲፒ በአብዛኛው እዚያው ክሎሮፕላስቱ ውስጥ ስኳር ለመሥራት ይውላል። የተሠራው ስኳር ለቀሪው የሕዋስ ሥራ የሚሆን ጉልበት እንዲሰጥ መልሶ መፈታት አለበት፤ ይህም ሳይቶፕላዝም በሚባለው በሽፋኑና በኒውክለሱ መካከል ባለው የሕዋሱ ክፍል ተጀምሮ በማይቶኮንድሪያ ውስጥ በኦክስጅን ይፈጸማል። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ያለውን ሌሊት፣ ከመሬት በታች ያለውን ሥር፣ በጎተራ ያለውን ፍሬ ጸሐፊው ቢያስቧቸው ኖሮ ይህን ዐረፍተ ነገር ባልጻፉት ነበር።

በቡሬ፣ በጃቢ ጠህናን ወይም በሜጫ በቆሎ የሚያመርት ገበሬ እህሉን በደንብ ሳያደርቅ ወደ ጎተራ ቢያስገባ፣ ከጊዜ በኋላ እጁን ወደ ክምችቱ መካከል ሲሰድ ሙቀት ይሰማዋል። የበቆሎው ፍሬ ሕያው ነው፤ እርጥበት ሲያገኝ በማይቶኮንድሪያው አማካይነት ያከማቸውን ምግብ ከኦክስጅን ጋር እያዋሐደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውኃና ሙቀት ይለቅቃል። የወጣው ውኃ እርጥበቱን ይጨምራል፤ እርጥበቱ ሻጋታን ይጠራል፤ ሻጋታውም በበኩሉ ይተነፍሳልና ሙቀቱን ያባብሰዋል። በቆሎ ከመከማቸቱ በፊት የእርጥበት መጠኑ ወደ 13 በመቶ ገደማ እንዲወርድ የሚመከረው የፍሬውንም የሻጋታውንም ትንፈሳ ለማቀዝቀዝ ነው። ፍሬው ክሎሮፕላስት እየሠራለት አይደለም፤ በጨለማ ውስጥ የተቀመጠ ነው፤ ሆኖም ጉልበት ያወጣል።

እግረ መንገዴን ስለ ድንች አንድ ነገር ላክል። በጮቄ ዙሪያ ወይም በአዊ የሚመረት ድንች ብርሃን በሚገባበት ቦታ ሲቀመጥ ልጣጩ አረንጓዴ ይሆናል። በድንቹ ሕዋሳት ውስጥ ስታርች የሚያከማቹት አሚሎፕላስት የሚባሉ አካላት ብርሃን ሲያገኙ ወደ ክሎሮፕላስትነት ስለሚለወጡ ነው። አብሮም ሶላኒን የተባለው መርዛም ኬሚካል በልጣጩ አካባቢ ይጨምራልና አረንጓዴውን ክፍል ቆርጦ መጣል ይገባል። ትናንት ጎተራ የነበረ አካል ዛሬ ስኳር ሠሪ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ ተግባር ብቻ የሚሰጠው የጸሐፊው ሰንጠረዥ የት ላይ ሊጽፈው ይችላል?

አራተኛው ማብራሪያ ኒውክለስን ይመለከታል። «ኒውክለስ የሕዋሱ ሥራ አስኪያጅ ስለሆነ ኒውክለስ የሌለው ሕዋስ ወዲያውኑ ይሞታል» ተብሏል። በእያንዳንዱ አንባቢ ደም ውስጥ ይህን የሚያስተባብሉ በትሪሊዮኖች የሚቆጠሩ ሕዋሳት አሉ። የሰው ቀይ የደም ሕዋስ በመቅኔ ውስጥ ሲበስል ኒውክለሱን አውጥቶ ይጥላል፤ ማይቶኮንድሪያውንና ራይቦዞሞቹንም ያጣል፤ ከዚያ በኋላ ለ120 ቀናት ገደማ ኦክስጅን ሲያመላልስ ይኖራል። ጉልበቱን የሚያገኘው ግሉኮስን በሳይቶፕላዝም ብቻ በመሰባበር ሲሆን፣ ከአንዱ ግሉኮስ የሚተርፈው 2 ኤቲፒ ነው፤ ማይቶኮንድሪያ ያላቸው ሕዋሳት ከዚሁ ግሉኮስ እስከ 30 ወይም 32 ድረስ ያገኛሉ። ኒውክለሱን በመጣሉ ያገኘው ጥቅም ኦክስጅን ለሚይዘው ፕሮቲን ለሄሞግሎቢን የሚሆን ሰፊ ቦታና በጠባብ የደም ሥሮች ውስጥ እየታጠፈ ማለፍ የሚያስችል ቅርጽ ነው። ያጣው ደግሞ ራሱን የመጠገን ችሎታ ነው፤ አዲስ ፕሮቲን መሥራት አይችልምና ሲያረጅ በጣፊያና በጉበት ተለቅሞ ይወገዳል። የዶሮ ቀይ የደም ሕዋስ ኒውክለስ አለው፤ የእኛ የለውም፤ ሁለቱም ኦክስጅን ያመላልሳሉ። በጤፍና በበቆሎ ግንድ ውስጥ ስኳር የሚያስተላልፉት የፍሎየም ሕዋሳትም ሲበስሉ ኒውክለስ የላቸውም፤ በአጠገባቸው ያሉ ጓደኛ ሕዋሳት የሚያስፈልጋቸውን ይሰጧቸዋል።

የዚህ እውቀት ጥቅም ከፈተና ያልፋል። በአባይ በረሃና በሌሎች ቆላማ ወረዳዎች በወባ የተጠረጠረ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ከጣቱ ጠብታ ደም ይወሰድና በመስታወት ላይ ተለቅልቆ ጂምሳ በተባለ ቀለም ይነከራል። ቀለሙ ኒውክለስን ወደ ቀይ ሐምራዊነት፣ ፕላዝሞዲየም የተባለውን ወባ አምጪ ጥገኛ ሳይቶፕላዝም ወደ ሰማያዊነት ይለውጣል። ጤናማ ቀይ የደም ሕዋስ ኒውክለስ ስለሌለው በውስጡ እንዲህ ያለ ነጥብ ሊታይ አይገባም፤ ባለሙያው በሕዋሱ ውስጥ ቀይ ሐምራዊ ነጥብና ከእርሱ ጋር የተያያዘ ሰማያዊ ቀለበት ካየ ነጥቡ የፕላዝሞዲየም ኒውክለስ ነው። የሰው ቀይ የደም ሕዋስ ኒውክለሱን የማይጥል ቢሆን ኖሮ ይህ ምርመራ እጅግ በከበደ ነበር። በጸሐፊው ሰንጠረዥ የሚያምን ተማሪ ነገ የላቦራቶሪ ባለሙያ ቢሆን ይህን ነጥብ የሕዋሱ የራሱ ኒውክለስ ነው ብሎ ሊያልፈው ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ በሰንጠረዡ ውስጥ ስለ ራይቦዞም፣ ስለ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለምና ስለ ጎልጂ የተጻፈው በጥቅሉ ትክክል ነው። ፕሮቲን በራይቦዞም ይሠራል፤ ወደ ውጭ የሚላከው በኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ተቀብሎ ይታጠፋል፣ በጎልጂ ተስተካክሎና ተለይቶ በትንንሽ ከረጢቶች ወደ ሽፋኑ ይላካል። ክርስቲያን ደ ዱቭ በ1955 ስሙን ያወጣለት ላይሶዞም ግን «ቆሻሻ መጣያ» መባሉ አይስማማኝም፤ ላይሶዞም ያረጁ ክፍሎችን ፈትቶ ጥሬ ዕቃቸውን ለሕዋሱ መልሶ የሚሰጥ ነውና።

አምስተኛው ማብራሪያ «የቆዳ ሕዋስ የቆዳን ዲኤንኤ፣ የጉበት ሕዋስ የጉበትን ዲኤንኤ ይይዛል፤ ለዚህ ነው የሚለያዩት» የሚል ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ሁሉም ካላቸው አንድ ዓይነት ዲኤንኤ፣ ማለትም የዘር መረጃ ከሚይዘው ሞለኪውል፣ ውስጥ የትኛው ክፍል እንደሚነበብና የትኛው እንደሚዘጋ በመለየቱ ነው። ጆን ገርደን እ.ኤ.አ. በ1962 ከእንቁራሪት ጨቅላ የአንጀት ሕዋስ የወሰደውን ኒውክለስ፣ የራሱ ኒውክለስ ሥራውን እንዲያቆም በተደረገ እንቁላል ውስጥ አስገብቶ ጨቅላዎችን አሳድጓል፤ በ1996 የተወለደችው በግ ዶሊም ከአዋቂ በግ የጡት እጢ ሕዋስ ኒውክለስ የተገኘች ናት። የአንጀት ሕዋስ የአንጀት ዲኤንኤ ብቻ ቢኖረው ዓይንና ጅራት ያለው ጨቅላ ከየት ይመጣ ነበር? በእነዚህ ሙከራዎች ውስጥ ጸሐፊው ልብ ሊሉት የሚገባ ሌላም ነገር አለ፤ አንጀት ሆኖ ሲሠራ የነበረው ኒውክለስ ተግባሩን ለውጦ እንደ አዲስ የጀመረው በእንቁላሉ ሳይቶፕላዝም ውስጥ ስለ ገባ ነው። ኒውክለሱ ሳይቶፕላዝሙን እንደሚመራ ሁሉ ሳይቶፕላዝሙም ኒውክለሱን ይመራል። በእርግጥ ከዚህ ሕግ ወጣ የሚሉ አሉ፤ የወንድና የሴት የዘር ሕዋሳት ግማሹን ክሮሞዞም ብቻ ይይዛሉ፣ ፀረ እንግዳ አካል የሚሠሩ ነጭ የደም ሕዋሳትም አንዳንድ ጂኖቻቸውን ቆርጠው ያገጣጥማሉ።

ስድስተኛው ማብራሪያ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሁለት ስሕተት ይዟል፤ «ባክቴሪያ ኒውክለስ ስለሌለው ሕዋስ ሊባል አይችልም፤ ቫይረስ ግን ከሕዋሳት ሁሉ ትንሹ ነው» ይላል። ባክቴሪያ የራሱ ሽፋን፣ የራሱ ሳይቶፕላዝም፣ የራሱ ዲኤንኤና የራሱ ራይቦዞሞች አሉት፤ ምግብ ይወስዳል፣ ያድጋል፣ ለሁለት ይከፈላል፤ ሙሉ ሕዋስ ነው። ዲኤንኤው በሽፋን ሳይታጠር በሳይቶፕላዝሙ ውስጥ ስላለ ፕሮካርዮት ይባላል። በቤታችን የእንጀራ እርሾ ውስጥ ሁለቱም ወገኖች አብረው ይኖራሉ፤ ሊጡን የሚያኮመጥጡት ባክቴሪያዎች ፕሮካርዮት ናቸው፣ ኒውክለስና ማይቶኮንድሪያ ያላቸው የእርሾ ፈንገሶች ደግሞ ዩካርዮት ናቸው።

ባክቴሪያ ሕዋስ መሆኑን፣ ከእኛ ሕዋስም የሚለይ ሕዋስ መሆኑን ማወቅ የመድኃኒትን አሠራር ለመረዳት ቁልፍ ነው። በአማራ ክልል ትራኮማን ለመከላከል በዘመቻ ለሕዝብ ሲሰጥ የቆየው አዚትሮማይሲን የሚሠራው የባክቴሪያን ራይቦዞም ይዞ ፕሮቲን እንዳይሠራ በማገድ ነው። ትራኮማን የሚያመጣው ባክቴሪያ በዓይን ሽፋን ሕዋሳት ውስጥ ገብቶ የሚኖር ሆኖ ሳለ መድኃኒቱ ባክቴሪያውን አግኝቶ የእኛን ሕዋስ የሚምረው፣ የባክቴሪያው ራይቦዞምና በሳይቶፕላዝማችን ያለው ራይቦዞም በመጠንም በአሠራርም ስለሚለያዩ ነው። ማይቶኮንድሪያ ግን የራሱ ዲኤንኤና የባክቴሪያን የሚመስሉ ራይቦዞሞች አሉት፤ የሰው ማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ 37 ጂኖችን ይዟል። ሊን ማርጉሊስ በ1967 ይህንና ሌሎች ማስረጃዎችን መሠረት አድርጋ ማይቶኮንድሪያ ከብዙ ዘመናት በፊት በሌላ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ የቀረ ባክቴሪያ መሆኑን ተከራክራለች፤ ዛሬ ሐሳቡ ሰፊ ተቀባይነት አለው። «ጄኔሬተር» የተባለው አካል በአንድ ወቅት ራሱን የቻለ ሕዋስ ነበር ማለት ነው።

ቫይረስ ደግሞ ሕዋስ አይደለም። ሳይቶፕላዝም የለውም፣ ራይቦዞም የለውም፣ ጉልበት አያመነጭም፤ በፕሮቲን የተሸፈነ ዲኤንኤ ወይም አርኤንኤ ሆኖ በሌላ ሕዋስ ውስጥ ካልገባ በቀር አይባዛም። አሞክሳሲሊን የባክቴሪያን የሕዋስ ግድግዳ አሠራር የሚያውክ መድኃኒት ነው፤ ጉንፋንን የሚያመጣው ቫይረስ የሚታወክ ግድግዳ የለውም። ለጉንፋን አሞክሳሲሊን ገዝቶ የሚውጥ ሰው ገንዘቡን ከማባከኑም በላይ በሰውነቱ ያሉ ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን እንዲላመዱ መንገድ ይከፍታል። ይህን ስሕተት በተማሪ ደብተር ውስጥ መተው ከጤና ጋር የተያያዘ ጉዳት ስላለው ነው ጠንከር አድርጌ የተናገርሁት።

የመጨረሻው ማብራሪያ «ሕዋስ በዓይን የማይታይ ስለሆነ ማይክሮስኮፕ በሌለበት ትምህርት ቤት ስለ ሕዋስ ማስተማር ከንቱ ድካም ነው፤ ተማሪው ሰንጠረዡን ይሸምድድ» የሚል ነው። ከሁሉም ይበልጥ ያሳዘነኝ ይህ ነው፤ በገጠር ወረዳዎች ለሚያስተምሩ ባልደረቦቼ ተስፋ የሚያስቆርጥ ምክር ነውና። ማይክሮስኮፕ አስፈላጊ መሆኑን አልክድም፤ ሊሟላም ይገባል። ነገር ግን የዶሮ እንቁላል አስኳል በሽፋኑ ውስጥ ገና ሳይዳብር አንድ ሕዋስ ነው፤ በእጅ ሊያዝ ይችላል። የሽፋንን ሥራ ለማሳየትም አንድ ድንች፣ ቢላዋ፣ ጨውና ብርጭቆዎች ይበቃሉ።

ድንቹ ይላጥና እኩል ርዝመት ባላቸው እንደ ጣት ቀጫጭን በሆኑ ቁርጥራጮች ይከፈል። ጥቂቱ በንጹሕ ውኃ፣ ጥቂቱ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው በሟሟበት ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ይግባ፤ ሌሎቹ ቁርጥራጮች ደግሞ ለጥቂት ደቂቃ በፈላ ውኃ ከተነከሩ በኋላ እንደዚሁ በሁለቱ ዓይነት ውኃ ይቀመጡ። ከሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ ተማሪዎቹ አውጥተው ያጥፏቸው፣ ርዝመታቸውንም በማስመሪያ ይለኩ። በንጹሕ ውኃ የቆየው ጥሬ ቁራጭ ጠንክሮ ይቆማል፤ ሊያጥፉት ሲሞክሩ ቀጭ ብሎ ይሰበራል። ውኃው በሽፋኑ አልፎ ገብቶ ሕዋሳቱን ሞልቷቸዋል፤ እንደ ቀይ የደም ሕዋስ ያልፈነዱት ከሽፋኑ ውጭ ያለው የሴሉሎስ ግድግዳ ስለያዛቸው ነው። በጨው ውኃ የቆየው ጥሬ ቁራጭ አጥሯል፤ ሳይሰበር ይታጠፋል፤ ውኃው ከሕዋሳቱ ወጥቷልና። የተቀቀሉት ቁርጥራጮች በየትኛውም ውኃ ቢቆዩ እንደ ጥሬው አይጠነክሩም፤ ከጨው ውኃ የወጣው ተቆርጦ መካከሉ ቢቀመስ ጨው ጨው ይላል። መምህሩ እዚህ ላይ መልሱን ሳይሰጥ፣ ጥሬው ቁራጭ ያገደውን ጨው የተቀቀለው ለምን እንዳስገባ፣ እሳቱ ከሕዋሱ ላይ ምን እንደወሰደ ተማሪዎቹ በራሳቸው ቃል እንዲጽፉ ይጠይቃቸው።